ካርቡራቶር ስትነኩ ልትርቋቸው የሚገቡ ስህተቶች

የሞተር ሳይክል ሞተር ሲቆራረጥ፣ ጠዋት አልነሳም ሲል ወይም ቤንዚን ሲያባክን ጣት የሚቀሰረው አየርና ቤንዚን ቀላቅሎ ለሞተሩ የሚሰጠው ካርቡራቶር ላይ ነው። ወዲያው ይፈታል፣ ይታጠባል፣ ብሎኖቹ ግራ ቀኝ ይዞራሉ። ብዙ ጊዜም ከበፊቱ ብሶ ይገጠማል። ይህ ያሳዝናል። ካርቡራቶር አሠራሩ ለገባው ሰው ግልጽ ዕቃ ነው፤ የት እንደታመመ ራሱ ይናገራል።

አሠራሩን በአጭሩ እንየው። ሞተሩ አየር ሲስብ አየሩ በካርቡራቶሩ ጉሮሮ ያልፋል። ጉሮሮው መሃል ላይ ጠበብ ይላል። አየሩ እዚያ ሲደርስ ይፈጥናል፣ ሲፈጥን ደግሞ ግፊቱ ይወርዳል። ከታች ቤንዚን የያዘው ጽዋ ግን በቀጭን ቱቦ ከውጭው አየር ጋር ስለሚገናኝ ግፊቱ እንዳለ ነው። ይህ ልዩነት ቤንዚኑን በጄቶቹ (ቀዳዳቸው በልክ የተበሳ ትናንሽ ቁራጮች) በኩል ገፍቶ ወደ ጉሮሮው ይረጨዋል። ኮምፒውተር የለም፣ ሴንሰር የለም። ሁሉም ነገር የሚለካው በቀዳዳዎች ስፋት ነው። ከዚህ በታች ያሉት ስህተቶች አብዛኞቹ ይህን ከመርሳት የሚመጡ ናቸው።

ሌላውን ሳይመረምሩ ካርቡራቶር መፍታት

ያረጀ ካንዴላ፣ በአቧራ የታፈነ የአየር ፊልትሮ፣ ክፍተቱ የጠበበ ቫልቭ፣ ለወራት የቆየ ቤንዚን፦ ሁሉም የካርቡራቶር ችግር ሊመስሉ ይችላሉ። መጀመሪያ እነሱን እዩ። አንዱ ብዙ ጊዜ ይዘነጋል፤ የታንኩ ክዳን። ክዳኑ ላይ አየር የምታስገባ ትንሽ ቀዳዳ አለች። እሷ ከተደፈነች ቤንዚኑ ሲቀንስ በቦታው የሚገባ አየር ስለማይኖር ወደ ታች መውረዱን ያቆማል። ሞተሩ ጥቂት ሄዶ ይጠፋል፣ ቆይቶ ይነሳል፣ እንደገና ይጠፋል። በጠፋበት ቅጽበት ክዳኑን ክፈቱት። አየር ሽው ብሎ ከገባና ሞተሩ ከተነሳ ካርቡራቶሩን ተዉት፣ ጥፋተኛው ክዳኑ ነው።

ችግሩ የሚታይበትን ደረጃ ሳይለዩ ጄት መቀየር

በእኔ እምነት ትልቁ ስህተት ይህ ነው። ካርቡራቶሩ ቤንዚን የሚሰጠው በአንድ መንገድ ብቻ አይደለም። ነዳጅ መስጫው ከዝግ እስከ ሩብ ድረስ ሲከፈት በዋናነት የሚሠራው የሚኒሞው (ነዳጅ ሳይሰጥ ሞተሩ የሚዞርበት ዝቅተኛ ዙር) ጄት ነው። ከሩብ እስከ ሦስት ሩብ ሥራውን የሚይዘው ከስላይዱ (ጉሮሮውን ከሚከፍተውና ከሚዘጋው ተንሸራታች ክፍል) ጋር የሚነሳው መርፌ ነው። መርፌው ወደ ጫፉ እየቀጠነ ስለሚሄድ ከፍ ባለ ቁጥር ለቤንዚኑ የሚተወው ክፍተት ይሰፋል። ከሦስት ሩብ በላይ ሲሆን ዋናው ጄት ይወስናል። ድንበሮቹ ይደራረባሉ እንጂ እንደ ቢላ የተቆረጡ አይደሉም።

አስቡት እንግዲህ። ሚኒሞ አልይዝ ላለ ሞተር ትልቅ ዋና ጄት ገዝቶ መግጠም ምን ይረባል? ሚኒሞ ላይ ዋናው ጄት ሥራ የለውም ማለት ይቻላል። ገንዘቡ ይወጣል፣ ችግሩ ይቀጥላል፣ ቀድሞ ደህና የነበረው የሙሉ ነዳጅ ጉዞም ይበላሻል።

መፍትሔው ቀላል ነው። በነዳጅ መስጫው እጀታና አጠገቡ ባለው የማይዞር ክፍል ላይ ፕላስተር ለጥፉ። ዝግ፣ ሩብ፣ ግማሽ፣ ሦስት ሩብ እና ሙሉ የሚሆኑበትን ቦታ በእስክርቢቶ ምልክት አድርጉ። ከዚያ ሞተሩ በደንብ ሲሞቅ፣ ሰው በሌለበት መንገድ ላይ ሞክሩትና የሚቆራረጠው የትኛው ምልክት ላይ እንደሆነ አስተውሉ። የሞተሩን ዙር ሳይሆን የእጀታውን ቦታ ነው የምታዩት። የትኛው ክፍል መታየት እንዳለበት ያኔ ይገለጥላችኋል። ስትቀይሩም አንድ ነገር ብቻ ቀይሩ፣ ሞክሩ፣ ከዚያ ወደሚቀጥለው።

ጄት ስትገዙ ቁጥሩን ብቻ አትመኑ። የሁለቱ የጃፓን ካርቡራቶር ሠሪዎች፣ የሚኩኒ ቁጥርና የኬሂን ቁጥር አንድ ዓይነት መለኪያ አይደሉም። ሁለቱም ላይ 100 ተጽፎ ቢገኝ የሚያሳልፉት ቤንዚን እኩል ነው ማለት አይደለም።

ጄትን በሽቦ መውጋት

የሚኒሞውን ጄት አውጥታችሁ ወደ ብርሃን አቅኑት። የብዙ ሞተር ሳይክሎች የሚኒሞ ጄት ቀዳዳ ስፋቱ ከግማሽ ሚሊሜትር ያነሰ ነው። ንጹሕ ከሆነ ክብ የብርሃን ነጥብ ይታያል። ነጥቧ ጎደሎ ጨረቃ ከመሰለች ወይም ጨርሳ ከጠፋች፣ ቤንዚን ደርቆ የተወው ሙጫ መሰል ቅሪት ውስጧ አለ።

እዚህ ላይ እጅ ወደ ብረት ሽቦ ይሄዳል። አይሂድ። ጄት የሚሠራው ከነሐስ ነው፣ ነሐስ ደግሞ ለስላሳ ነው። የብረት ሽቦ ቀዳዳውን ይፍቀዋል፣ ያሰፋዋል። በዓይን የማይለይ ጭረት እንኳ የሚያልፈውን ቤንዚን ይቀይራል፤ ከዚያ በኋላ ጄቱ ላይ የተጻፈው ቁጥር እውነት አይሆንም። ይልቅ በካርቡራቶር ማጠቢያ ዘፍዝፉት፣ ጊዜ ስጡት፣ ከዚያ በአየር ግፊት ንፉት። እንቢ ካለ አዲስ ግዙ፤ ርካሽ ከሚባሉት ዕቃዎች አንዱ ነው። የጄቱን ጎን ቀዳዳዎችና በካርቡራቶሩ አካል ውስጥ ያሉትን ቀጫጭን መንገዶችም አትርሱ። ጄቱ ጸድቶ መንገዱ ከተደፈነ ልፋታችሁ ከንቱ ነው። መነጽር አድርጉ፤ በአንዱ ቀዳዳ የገባው ማጠቢያ በሌላው ወጥቶ ዓይን ውስጥ ይገባል።

ላስቲኩን ሳያወጡ ማጠቢያ መርጨት

ኃይለኛ ማጠቢያ ላስቲክ ያሳብጣል፣ ያጣምማል። ኦሪንጎቹን (ክብ የላስቲክ ማሸጊያዎቹን) ሁሉ ቀድማችሁ አውጡ። ከላይኛው ክዳን ሥር ስስ የላስቲክ ዲያፍራም ያላቸው ካርቡራቶሮች ላይ ደግሞ ጥንቃቄው እጥፍ ነው። ስላይዱን የሚያነሳው ያ ዲያፍራም ነው። ወደ ብርሃን ይዛችሁ ቀስ ብላችሁ ዘርጉት። የመርፌ ቀዳዳ የምታህል ሽንቁር ካለችው ስላይዱ እንደሚገባው አይነሳም፤ ነዳጅ ብትሰጡም ሞተሩ ይደክማል።

ለብሎኖቹም አንድ ነገር ልበል። የጃፓን ካርቡራቶሮች ላይ ያለው የመስቀል ብሎን ብዙ ጊዜ ከተለመደው ካቻቢቴ ጋር በትክክል አይገጥምም። ጂስ የሚባለው የጃፓን ስታንዳርድ ካቻቢቴ ካልተገኘ የብሎኑ ራስ ይበላል፣ ከዚያ መከራ ነው።

የድብልቅ ብሎኑን በግምት ማዞር

ሁለት ብሎኖች ይምታታሉ። አንዱ የሚኒሞውን ከፍታ ብቻ ይወስናል። ሌላው የአየርና የቤንዚኑን ድብልቅ ያስተካክላል። የድብልቁ ብሎን በአብዛኛው ከፊልትሮው ወገን ከሆነ የሚቆጣጠረው አየር ነው፤ ሲላላ ቤንዚኑ በንጽጽር ያንሳል። ከሞተሩ ወገን ከሆነ የሚቆጣጠረው ቤንዚን ነው፤ ሲላላ ቤንዚን ይጨምራል። አቅጣጫው ተቃራኒ መሆኑን ልብ በሉ።

ከማውጣታችሁ በፊት ቀስ ብላችሁ እስኪነካ ድረስ አጥብቁት፣ ስንት ዙር እንደሆነ ቁጠሩና ጻፉት። እንደነካ አቁሙ። በኃይል ካጠበቃችሁት ሹል ጫፉ መቀመጫውን ያበላሻል፣ ያንን ማስተካከል ደግሞ ከባድ ነው።

ለቁጠባ ብሎ ቤንዚን ማሳነስ

ቤንዚን ሙሉ በሙሉ እንዲቃጠል ለ1 ኪሎ ቤንዚን 14.7 ኪሎ ገደማ አየር ያስፈልጋል። ሞተሩ ትልቁን ጉልበት የሚሰጠው ግን ቤንዚኑ ከዚህ ትንሽ በዛ ሲል፣ ወደ 13 ለ1 ገደማ ሲሆን ነው። ቤንዚን በጣም ያነሰው ድብልቅ ሙሉ ነዳጅ እየተሰጠ ሲነዳ ሞተሩን ያግለዋል፣ ፒስተን እስከ ማቅለጥ ይደርሳል። በሁለት ምት ሞተር ሲሆን የባሰ ነው። በብዙዎቹ ዘይቱ ከቤንዚኑ ጋር ስለሚመጣ፣ ቤንዚን ቀነሰ ማለት ቅባትም ቀነሰ ማለት ነው። ፊልትሮ አውጥቶ መንዳት ወይም ማርሚታ ቀይሮ ጄቱን እንዳለ መተውም ወደዚሁ አደጋ ይወስዳል።

በተቃራኒው ከፍታ ቦታ ላይ አየሩ ስለሚሳሳ፣ ቆላ ላይ በትክክል የተስተካከለ ካርቡራቶር ደጋ ሲወጣ ቤንዚን ይበዛበታል። ካንዴላው ላይ ጥቁር ደረቅ ጥላሸት ካያችሁ ይህንንም አስቡ።

ሾልኮ የሚገባ አየርን አለማየት

በካርቡራቶሩና በሞተሩ መሃል ያለው ላስቲክ ሲሰነጠቅ ያልተለካ አየር ይገባል። ምልክቱ ሚኒሞው መዋዠቁ፣ ነዳጅ ስትለቁም ዙሩ ቶሎ አለመውረዱ ነው። ሚኒሞ ላይ እያለ ላስቲኩ ዙሪያ ጥቂት ውሃ እርጩ። ድምፁ ከተቀየረ ሽንቁሩን አገኛችሁ። በሚቀጣጠል ነገር አትሞክሩት፤ አጠገቡ የጋለ ማርሚታ አለ።

የሚያፈሰውን ካርቡራቶር ችላ ማለት

ጽዋው ውስጥ ቤንዚን ሲሞላ የሚነሳ ተንሳፋፊ አለ፤ እሱ ሲነሳ ቤንዚኑን የሚዘጋው ሌላ ትንሽ መርፌ ነው። የዚህ መርፌ ጫፍ ላይ ቀለበት መሰል ጠባሳ ካለ በደንብ አይዘጋም። ትርፉ ቤንዚን ወደ ውጭ ከፈሰሰ የእሳት አደጋ ነው። ወደ ሞተሩ ከገባ ደግሞ ዘይቱን ያቀጥነዋል። ስለዚህ ያፈሰሰ ሞተር ከማስነሳታችሁ በፊት የዘይት መለኪያውን አውጥታችሁ አሽትቱ። ቤንዚን ከሸተተ መርፌው ይቀየር፣ ዘይቱም አብሮ ይቀየር።

ቾክ ስቦ መርሳት

ቾክ ቀዝቃዛ ሞተር እንዲነሳ ቤንዚኑን የሚያበዛ ነው፤ ሞተሩ ሲሞቅ መልሱት። ካልተመለሰ ቤንዚን ይባክናል፣ ካንዴላውም ይጠቁራል።

ቤንዚን እንደያዘ ማቆም

ለሳምንታት የማይነዳ ከሆነ ቤንዚን ከታንኩ የሚያወርደውን ሩቢኔቶ ዝጉ። ከጽዋው ሥር ያለችውን የማፍሰሻ ብሎን አላሉና ቤንዚኑን በዕቃ ተቀበሉ፣ ከዚያ መልሳችሁ አጥብቁ። ሞተሩ ቀዝቃዛ ይሁን፣ ቦታው አየር ያለበት፣ እሳት የሌለበት። ዕቃው ውስጥ ቆሻሻ ወይም የውሃ ጠብታ ከታች ካያችሁ ታንኩ ዝጓል ወይም ውሃ ይዟል ማለት ነው፤ ቀጥሎ የሚጸዳው እሱ ነው።