ፓሊዮ ከመጀመራችሁ በፊት፦ ያስቸገራችሁ ስንዴው ነው ወይስ ወተቱ?

ሆዴን ይነፋኛል ያለ ሰው ሁሉ ከአንዱ “ፓሊዮ የሚባለውን አመጋገብ ጀምር” ይባላል፣ ሌላው “ግሉተን ተው” ይለዋል፣ ሶስተኛው ደግሞ ወተቱ ነው ይላል፣ ሰውየውም ግራ ሲገባው ሶስቱንም ባንዴ ይጀምርና በሁለተኛው ሳምንት ርቦት ወደ ዳቦው ይመለሳል። ሶስቱ የሚገናኙበት ቦታ አለ ግን አንድ አይደሉም፣ እንጀራና ሽሮ ለሚበላ ሰው ደግሞ ልዩነቱ በጣም ትልቅ ነው።

ግሉተን ስንዴ፣ ገብስና ራይ (ስንዴ የሚመስል የውጭ እህል) ውስጥ ያለ ፕሮቲን ነው፣ በቃ። ጤፍ የለውም፣ ማሽላ፣ በቆሎ፣ ሩዝ፣ ሽምብራ፣ ምስርም የላቸውም። ዴይሪ ፍሪ ማለት ደግሞ ወተትና ከወተት የሚወጣውን ሁሉ መተው ነው፣ እርጎ፣ አይብ፣ አሬራ፣ ቅቤ (እንቁላል ከዚህ ውስጥ አይደለም፣ ብዙ ሰው ይቀላቅለዋል)። ፓሊዮ ግን ከሁለቱም ይሰፋል፣ ሀሳቡ የሰው ልጅ እርሻ ከመጀመሩ በፊት፣ ማለትም ከ10,000 አመት ገደማ በፊት ይበላው የነበረውን ብሉ ነው፣ ስለዚህ እህል በሙሉ፣ ጥራጥሬ በሙሉ፣ ወተት፣ ስኳርና ፋብሪካ የነካው ምግብ ይወጣል። ፓሊዮ የሚበላ ሰው ሳያስበው ግሉተንም ወተትም ትቷል፣ ግሉተን የተወ ሰው ግን ፓሊዮ አይደለም። ጤፍ ግሉተን ፍሪ ነው፣ ፓሊዮ ውስጥ ግን አይገባም፣ ሽሮም፣ ክክም፣ ኦቾሎኒም አይገቡም። ለፆመኛ ደግሞ አስቡት፣ ሁዳዴ 55 ቀን ነው፣ ስጋ፣ እንቁላልና ወተቱን ፆሙ ይከለክላል፣ እህልና ጥራጥሬውን ፓሊዮ ይከለክላል፣ የሚቀረው ጎመን፣ ድንች፣ ካሮትና ፍራፍሬ ነው፣ እኔ ለማንም አልመክርም። ዴይሪ ፍሪ ግን ፆሙ ራሱ ያለማመደን ነገር ነው፣ የፆም ምግብ መስራት የሚችል ሰው ግማሹን መንገድ ሄዷል።

አሁን ከየት ልጀምር ለምትሉ፣ ግሉተንን ከመተዋችሁ በፊት የሲሊያክ ምርመራ አድርጉ። ሲሊያክ ግሉተን ሲገባ ሰውነት የራሱን ትንሹን አንጀት የሚያጠቃበት በሽታ ነው፣ በአለም ላይ ከ100 ሰው 1 ገደማ አለበት ይባላል። የደም ምርመራው የሚፈልገው ሰውነት በግሉተን ምክንያት የሚያመርተውን አንቲቦዲ (የመከላከያ ፕሮቲን) ስለሆነ ቀድማችሁ ዳቦ ካቆማችሁ አንቲቦዲው ይቀንስና ውጤቱ “ምንም የለም” ሊል ይችላል። እህቴ እንደዛ ሆና ለምርመራው ብላ እያመማት እንደገና ለሳምንታት ዳቦ መብላት ነበረባት፣ እባካችሁ ይሄን አትድገሙት።

ወተት ላይ ደግሞ ሁለት ነገር ለዩ። አንዱ ላክቶስ የሚባለውን የወተት ስኳር መፍጨት አለመቻል ነው፣ ስናድግ ብዙዎቻችን ላይ የሚፈጨው ኤንዛይም ይቀንሳል፣ ይነፋል፣ ያስቀምጣል፣ ግን እንዲህ አይነቱ ሰው ብዙ ጊዜ እርጎና ንጥር ቅቤ ይስማማዋል። ሌላው የወተት ፕሮቲን አለርጂ ነው፣ እሱ ቀልድ የለውም፣ ትንሽ ፕሮቲን ሊቀርበት ስለሚችል ንጥር ቅቤም አይታመንም፣ የፍየል ወተትም መፍትሄ አይሆንም።

ኩሽና ውስጥ ሰው የሚሳሳተው ግሉተን ላይ ነው። ውጭ አገር ያለ እንጀራ ብዙ ጊዜ ስንዴ ወይ ገብስ ይቀላቀልበታል። አንድ ምግብ ቤት “ጤፍ ነው?” ብዬ ጠይቄ “አዎ” ተባልኩ፣ ለእህቴ ወሰድኩላት፣ ሌሊቱን ስትታመም አደረች፣ በኋላ ሳጣራ ስንዴም ነበረበት። ከዛ ወዲህ የምጠይቀው “ጤፍ ብቻ ነው ወይስ ሌላ ዱቄት አለበት?” ብዬ ነው። ቤት ስትጋግሩም እርሾውን ከጎረቤት ካመጣችሁ የሷ እንጀራ ገብስ ካለበት እርሾውም አለበት። ወፍጮ ቤትም እንደዛው፣ ከናንተ በፊት ስንዴ ከተፈጨ ሽሯችሁና ጤፋችሁ ውስጥ ይገባል፣ ሲሊያክ ላለበት ሰው ይሄም ለማመም በቂ ነው፣ አሜሪካ ውስጥ ግሉተን ፍሪ ተብሎ የሚሸጥ ምግብ ከ20 ፒፒኤም በታች መሆን አለበት፣ ማለት በ1 ኪሎ ከ20 ሚሊግራም በታች። በሶ፣ የገብስ ቆሎ፣ ቅንጬ፣ ጠላና ቢራ ይወጣሉ። ጠጅ ማር፣ ውሃና ጌሾ ብቻ ከሆነ ችግር የለውም።

ፓሊዮ ራሱን መሞከር የሚፈልግ ካለ ጎመን በስጋ፣ ጥብስ፣ አሳ፣ እንቁላል፣ ቀይ ስር፣ ስኳር ድንች፣ ሰሊጥና ተልባ ይዞ መሄድ ይችላል። ቆጮም ከእንሰት እንጂ ከእህል ስላልሆነ በኔ እምነት ይገባል። ግን ካልሲየም ላይ ተጠንቀቁ፣ 100 ግራም የጤፍ ዱቄት 180 ሚሊግራም ገደማ ካልሲየም አለው፣ ወተቱንም ጤፉንም ባንዴ ስትተዉ ሁለቱንም ምንጭ ታጣላችሁ፣ ጎመን አብዙ። ኢንሱሊን የሚወስድ የስኳር ታማሚ ደግሞ ሀኪሙን ሳያማክር እንጀራ ድንገት ቢያቆም ስኳሩ ሊወርድበት ይችላል፣ እናትና አባታችሁን ይሄን ንገሯቸው።

ምርመራው ንፁህ ከሆነና አሁንም ካስቸገራችሁ (አለርጂ ካለባችሁ ግን ይሄን ያለ ሀኪም አትሞክሩ) አንዱን ብቻ ለ3 ሳምንት ተዉ፣ የበላችሁትንና የተሰማችሁን ደብተር ላይ ፃፉ፣ ከዛ በትንሹ መልሱት፣ ወተት ከሆነ መጀመሪያ እርጎ፣ ከ3 ቀን በኋላ ግማሽ ብርጭቆ ወተት። እኔ እርጎው ተስማማኝ፣ ማኪያቶ ስጠጣ ግን ሰዓት ሳይሞላ ነፋኝ፣ አሁን ጥቁር ቡና ነው የምጠጣው፣ እንጀራዬን አልተውኩም።