ያገለገለ መኪና ልታዩ ስትሄዱ ሞተሩ ቀዝቅዞ ይጠብቃችሁ

ለሻጩም ለደላላውም ቀድማችሁ ንገሩ፦ «እኔ ሳልደርስ መኪናው እንዳይነሳ።» ማለዳ ቢሆን ይመረጣል። ስትደርሱ መጀመሪያ እጃችሁን ኮፈኑ ላይ አሳርፉ። ሞቋል? ሌላ ቀን ቅጠሩ።

አድሮ የተነሳ ሞተር ገመናውን አይደብቅም። የደከመ ባትሪ ሲያቃስት ትሰማላችሁ። ዘይቱ ወደ ታች ወርዶ ስላደረ ያረጀ ሞተር ለጥቂት ሰከንድ ይንኳኳል። ሰማያዊ ጭስ ከወጣ ዘይት እየበላ ነው፤ ፋሻው (የፒስተን ቀለበቱ) ወይም የቫልቭ ጎማው አልቆ ሊሆን ይችላል። ሞተር አስወርዶ ማሳደስ ደግሞ ስንት እንደሚያስወጣ መካኒክ ጠይቁ! ባትተዉት እንኳ ዋጋ ማስቀነሻ አገኛችሁ። ሞተሩ ከሞቀ በኋላ ግን አብዛኛው ምልክት ይጠፋል።

በብርድ ጠዋት የሚታይ ስስ ነጭ ጭስ የውሃ እንፋሎት ነው፤ ቶሎ ከጠፋ አያስደንግጣችሁ። ለኤሌክትሪክ መኪና ይሄ ዘዴ አይሠራም።