ጀርመን ውስጥ ወረቀታችሁ ላይ ያለውን ጾታ ስትቀይሩ እነዚህን ስህተቶች ተጠንቀቁ

ትራንስ ለሆናችሁ ሀበሾች ነው የምጽፈው፣ ሰው ላስተረጉም አብሬ እየሄድኩ አንድ አይነት ስህተት ሲደጋገም ስላየሁ።

የመጀመሪያው የሐኪም ወረቀት ፍለጋ መሮጥ ነው። ያ የድሮው የ1980ው ሕግ ነው፣ ሁለት ባለሙያ ጽፎላችሁ ፍርድ ቤት የምትቀርቡበት። ከኖቬምበር 1 2024 ጀምሮ በአዲሱ ሕግ ራሳችሁ ቀርባችሁ ቃላችሁን መስጠት ይበቃል፣ ምርመራ የለም ኦፕሬሽን የለም፣ ስለዚህ "ወረቀቱን እኔ እጨርስልሻለሁ" ለሚል ሰው አምስት ሳንቲም አትክፈሉ።

ቀኑን መርሳት ግን ከሁሉም የባሰ ነው። መጀመሪያ ሽታንደስአምት (ልደትና ጋብቻ የሚመዘገብበት ቢሮ) ሄዳችሁ ወይም ጽፋችሁ ታሳውቃላችሁ፣ ከዛ 3 ወር ትጠብቃላችሁ፣ ከዛ በአካል ቀርባችሁ ቃላችሁን ትሰጣላችሁ፣ ካሳወቃችሁ በ6 ወር ውስጥ ካልቀረባችሁ ግን ማመልከቻው ይወድቃል። አንዲት የማውቃት ልጅ ደብዳቤ ይመጣልኛል ብላ ቁጭ ብላ ስትጠብቅ አለፈባትና እንደገና ከዜሮ ጀመረች፣ ስትነግረኝ እያለቀሰች ነበር። እባካችሁ ቀጠሮውን ያሳወቃችሁ ቀን ያዙት።

የኢትዮጵያ ፓስፖርት ነው ያለኝ ብሎ መተውም አለ። የሚታደስ የመኖሪያ ፈቃድ፣ ቋሚ ፈቃድ ወይም ብሉ ካርድ (ለተማረ ሠራተኛ የሚሰጥ ፈቃድ) ካላችሁ የጀርመን ሕግ ይሰራልኝ ብላችሁ መምረጥ ትችላላችሁ። ዱልዱንግ (ለጊዜው እንዳትባረሩ ብቻ የሚሰጥ ወረቀት) ብቻ ከሆነ አይበቃም።

ስም ላይ አትቸኩሉ። የምትመርጡት ስም ከምታስመዘግቡት ጾታ ጋር መሄድ አለበት፣ እና ከተመዘገበ በኋላ ለ1 ዓመት መልሳችሁ መቀየር አትችሉም። የኛ ደሞ የአባት ስም እዚህ የቤተሰብ ስም ሆኖ ስለሚመዘገብ በዚህ ሕግ አይነካም፣ የሚቀየረው የራሳችሁ ስም ብቻ ነው። ብዙ ሰው ይሄን ቢሮው ውስጥ ነው የሚሰማው፣ ያኔ ደሞ ይደነግጣል።

ከዛ የባንክ ካርድ፣ የኢንሹራንስ ካርድ፣ መንጃ ፈቃድ፣ የትምህርት ሰርተፍኬት በአዲሱ ስም እንዲሰጧችሁ ጠይቁ፣ መብታችሁ ነው፣ ወጪው ግን ከናንተ ነው።

የመጨረሻው የሚያስፈራኝ ነው። የጀርመን ፓስፖርት ያላችሁ አዲሱ እንደወጣላችሁ ሀገር ቤት ቲኬት አትቁረጡ። ቢጫ ካርዱ (የትውልደ ኢትዮጵያዊ መታወቂያው) የድሮውን ስምና ጾታ እንደያዘ ነው፣ ሀገር ቤት ደሞ በራስ ቃል ብቻ ይሄን የሚቀይር ሕግ የለም፣ የተመሳሳይ ጾታ ግንኙነትም በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 629 ያስከስሳል፣ ቦሌ ላይ ሁለት የማይገናኝ ወረቀት ይዞ ለማያውቁት ሰው ማስረዳት ከባድ ነው። መጀመሪያ እዚህ ያለ ትራንስ ሰዎችን የሚያማክር ቢሮ ጠይቁ፣ ቲኬቱ ይደርሳል።