ጭንቀት ለሚያስቸግረው ሰው፦ ከቁርስና ከቡና ይጀምሩ

ካዛንቺስ ወይም ሜክሲኮ አካባቢ የሚሠራ ብዙ ሰው ጠዋት ታክሲ ተሰልፎ፣ ቁርስ ሳይቀምስ ማኪያቶ ጠጥቶ ሥራ ይገባል። ረፋዱ ላይ ልቡ ይመታል፣ እጁ ይንቀጠቀጣል፣ ያልበዋል። በባዶ ሆድ የተጠጣ ቡናና የወረደ የደም ስኳር ልክ እንደ ጭንቀት ያደርጋሉ፤ ጭንቀቱ ቀድሞ ካለ ደግሞ ያብሱታል። መጀመሪያ የሚስተካከለውም ይኸው ነው።

ከቤት ሳይወጡ ይብሉ። ጊዜ ካጠረ በሶ ይበቃል፦ ሦስት የሾርባ ማንኪያ በሶ ብርጭቆ ውስጥ ጨምረው፣ ቀዝቃዛ ውሃ ጠብ እያደረጉ ያሹትና ሲላቁጥ የቀረውን ውሃ ጨምረው ይበጥብጡት። ውሃው በአንዴ ከተገለበጠበት ይጓጉላል። ጨው ቆንጠር ያድርጉበት፤ ስኳር ከበዛበት ግን ጉልበቱ ቶሎ መጥቶ ቶሎ ይሄዳል። አንድ የተቀቀለ እንቁላል፣ በጾም ደግሞ እፍኝ ኦቾሎኒ ቢታከልበት እስከ ምሳ ያቆያል።

ቡናው ከምግብ ከአንድ እስከ ሁለት ሰዓት ቆይቶ ይጠጣ። ቡናም ሻይም ከምግብ ጋር ሲወሰዱ ወደ ደም የሚገባውን ብረት ይቀንሳሉ፤ የደም ማነስ ደግሞ ራሱ ልብ ያስመታል። ሽሮውና ምስሩ ላይ ሎሚ የተጨመቀበት የቲማቲም ሰላጣ ማከል በተቃራኒው ይረዳል። ከቀኑ 8 ሰዓት በኋላ ቡና ይቅር፤ 10 ሰዓት ላይ ከተጠጣው ካፌይን (የቡናው አነቃቂ ንጥረ ነገር) ግማሽ ያህሉ ከምሽቱ 3 ሰዓትም በደም ውስጥ ይኖራል። በአንድ ጊዜ ማቆም ራስ ምታትና መነጫነጭ ስለሚያመጣ፣ በየሦስት በአራት ቀኑ አንድ ሲኒ ይቀንሱ። ቡና ተጠርተው እንቢ ማለት ከከበደዎ አቦሉን አሳልፈው ቶናውን ይጠጡ፤ ቀጠን ይላል።

ተልባ ኦሜጋ 3 የሚባል ጠቃሚ የቅባት ዓይነት አለው። በዝግታ ያምሱት፣ መንጣጣት ሲጀምር ያውርዱት፤ ካረረ ይመራል። የተፈጨው ሲቆይ ዘይቱ ስለሚበላሽ ለሳምንት የሚበቃውን ብቻ ይፍጩ። አንድ ማንኪያ በብርጭቆ ውሃ በጥብጠው ሳይዝለገለግ ይጠጡት።

ለመረጋጋት ተብሎ ማታ የሚጠጣ ቢራ እንቅልፍ ቢያመጣም ሌሊቱን ያቋርጠዋል፤ ማግስቱ ይብሳል። ጫትም አነቃቂ ነው።

ይህን አድርገው ለውጥ ካላዩ የደም ማነስና የታይሮይድ (አንገት ላይ ያለ ዕጢ) ምርመራ ይጠይቁ። የታዘዘልዎትን መድኃኒት በምግብ ተክተው አያቁሙ። ጭንቀቱ እንቅልፍና ሥራ ከከለከለዎት አማኑኤል የአእምሮ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል ወይም በአቅራቢያዎ ያለ ጤና ጣቢያ ይሂዱ፤ ራስን የመጉዳት ሐሳብ ከመጣ ግን ያኔውኑ።