ሰውየው ጀልባው ጎን ደርሷል፣ ግን አይወጣም፦ ከሸራ ጀልባ ለወደቀ ሰው ችግርና መፍትሔ

በስዊድን ምዕራባዊ ጠረፍ፣ ከጎተንበርግ ወጣ ብለን፣ ባሕር ውስጥ የወደቀ ሰው የማውጣት ልምምድ ማሠራት ከጀመርኩ 11 ዓመት አለፈኝ። «ሰው ወደቀ!» ብሎ መጮህን፣ ተንሳፋፊ ቀለበት መወርወርን፣ ቦታውን በጂፒኤስ መያዝን፣ በሬዲዮ 16ኛ ቻናል «ሜይዴይ» ብሎ የድረሱልን ጥሪ ማሰማትን ታውቃላችሁ ብዬ እነሣለሁ። የምጽፈው ከዚያ በኋላ ስለሚበላሸው ነው።

ምልክት፦ ሰውየው ከዓይን ጠፋ።
ምክንያቱ ሁሉም ገመድ ላይ ተረባርቦ ባሕሩን የሚያይ አለመኖሩ ነው። በ6 ኖት የምትሄድ ጀልባ በሰከንድ 3 ሜትር ገደማ ትርቃለች፤ በግማሽ ደቂቃ 90 ሜትር። በዚያ ርቀት፣ በማዕበል መካከል፣ የሰው ራስ ከተንሳፋፊ ቅል አይበልጥም። አንድ ሰው እጁን ዘርግቶ ይጠቁም፤ ሸራ ቢቀደድ እንኳ ዞር አይበል። መሪውን የያዘው ወዲያው የጀልባዋን አፍንጫ ነፋሱ ወደሚመጣበት አዙሮ ያሳልፋት፣ የፊት ሸራውን ገመድ ግን አይንካ። ሸራው በተቃራኒው በኩል ነፋስ ሲመታው ጀልባዋ ትቆማለች። ርቆ ሄዶ አምሮ ለመዞር የሚሞክር ሰው ጓደኛውን ያጣል።

ምልክት፦ ሞተሩ ተነሥቶ ወዲያው ጠፋ።
ገመድ ፕሮፔለሩ ላይ ተጠምጥሟል። ቁልፉን ከማዞራችሁ በፊት ውሃ ውስጥ የሚጎተተውን ሁሉ ሰብስቡ።

ምልክት፦ የሕይወት አድን ጃኬቱ አልተነፋም፣ ወይም ተነፍቶ ፊት ሸፈነ።
ጃኬቱን የሚነፋው የጋዝ ጠርሙስ ላልቷል ወይም ባዶ ነው። በየጸደዩ ፈትታችሁ በወጥ ቤት ሚዛን መዝኑት፤ ክብደቱ ላዩ ላይ ተጽፏል። ፊት የሚሸፍነው ደግሞ በእግር መካከል የሚያልፈው ማሰሪያ ስላልታሰረ ነው። ይህን ማሰሪያ «አይመችም» ብለው ቆርጠው የጣሉ ሰዎች አጋጥመውኛል። እንዲህ ያለ ሰው ከእኔ ጋር ባሕር አይወጣም።

ምልክት፦ ሰውየው ጎን ላይ ነው፣ ይዘነዋል፣ ግን አይወጣም።
ደጋግሜ የማየው ይህንን ነው። ሰዎች መድረስን እንደ ማዳን ይቆጥሩታል። የጀልባዋ ጠርዝ ከውሃው ከአንድ ሜትር በላይ ከፍ ይላል፤ ሰውየው እስከ ወገቡ ከውሃ ሲወጣ ልብሱ ያቆረው ውሃ ሁሉ ክብደት ይሆናል። እርሱ ራሱ አይረዳችሁም። በግንቦት መጀመሪያ ባሕራችን ከ10 ዲግሪ ብዙም አይበልጥም። የመጀመሪያዋን ደቂቃ ትንፋሹ ይቆራረጣል፤ 10 ደቂቃ ገደማ ሲሆነው ጣቶቹ ገመድ መያዝ ያቅታቸዋል።

አንድ ጊዜ ሙቀት የሚጠብቅ ልብስ የለበሰ 90 ኪሎ የሚመዝን ሰልጣኝ በፈቃዱ ውሃ ገባ። ሁለት ጎረምሶች «በእጃችን እናወጣዋለን» አሉ። ሦስት ጊዜ እስከ ደረቱ አነሡት፣ ሦስት ጊዜ አመለጣቸው። ከዚያ አንዲት ቀጭን ልጅ የሸራ መስቀያውን ገመድ በዊንች (ገመድ በሚስበው ባለ እጀታ ማሽከርከሪያ) ጠምጥማ ብቻዋን አወጣችው፣ ሁለት ደቂቃ አልፈጀባትም።

ሥራው እንዲህ ነው። መጀመሪያ በብብቱ ሥር ገመድ አሳልፋችሁ ከጀልባዋ ጋር እሰሩት፤ ከዚህ በኋላ አይጠፋም። ዋናውን ሸራ አውርዱ፣ አለዚያ አግዳሚው ምሰሶ የአዳኙን ራስ ይመታል። ትርፍ የሸራ መስቀያ ገመድ ከጃኬቱ ማንሻ ቀለበት ጋር አያይዙና በዊንች ሳቡ። በ40 እጥፍ የሚያግዝ ዊንች የሕፃን ጉልበት ቢያገኝም ሰው ያነሣል። በኤሌክትሪክ የሚሠራውን ግን አትጠቀሙ! እግሩ በጀልባዋ ጠርዝ መከላከያ ሽቦ ውስጥ ቢጠመድ ማሽኑ አይሰማውም፣ መሳቡን አያቆምም። ዊንቹ ትንሽ ከሆነ ባለ አራት ዙር ካሩኮላ ገመዱ ጫፍ ላይ ሰቅላችሁ በእርሱ አንሡ።

ገመዱ እስከ ውሃው መድረሱን ወደብ ላይ ሞክሩ። በአንድ ጀልባ ላይ ግማሽ ሜትር አጥሮ ሰውየው ውሃው ውስጥ ቀርቷል። የጠርዙን መከላከያ ሽቦ ጫፍ በቀጭን ገመድ እሰሩት፤ ሰውየውን ለማስገባት ሽቦውን ማንሣት ሲያስፈልግ ገመድ በቢላ ይቆረጣል፣ የዛገ ብሎን ግን አይፈታም።

ከኋላ ባለው መሰላል የምትተማመኑ፣ እባካችሁ ተዉት። ማዕበል ባለበት የጀልባዋ ኋላ ተነሥቶ ሲወድቅ መሰላሉ መዶሻ ይሆናል፤ መንጋጋው የተሰበረ ሰው ወደ ሐኪም ቤት ወስጃለሁ። ደግሞም ብዙዎቹ መሰላሎች ከላይ ታስረው ስለሚቀመጡ ከውሃ ውስጥ አይከፈቱም።

ባልና ሚስት ሲመጡ ሁልጊዜ ባልየው ማዳንን ይለማመዳል፣ ሚስት ትወድቃለች። እኔ እገለብጠዋለሁ። 95 ኪሎ የሚመዝነው ካፒቴን ውሃ ውስጥ ይግባ፣ 55 ኪሎ የምትመዝነው ሚስቱ ሞተር አስነሥታ፣ ሸራ አውርዳ ታውጣው። ሞተር አስነሥታ የማታውቅ ሴት ይዞ መውጣት እርሷንም ራስንም መበደል ነው። ብቻዋን የቀረች ሴት ተከትላ አትዝለል! በረጅም ተንሳፋፊ ገመድ ላይ የታሰረውን የማዳኛ ማንገቻ ከኋላ እየጎተተች ሰውየው እስኪይዘው ድረስ ትዙረው።

ልምድ ማንንም ከመውደቅ አይዝም። ብቻቸውን አትላንቲክን በሚያቋርጡበት ውድድር በ1964 እና በ1976 ያሸነፈው ፈረንሳዊው ኤሪክ ታባርሊ በሰኔ 1998 በአየርላንድ ባሕር ከገዛ ጀልባው በሌሊት ወደቀ። ጃኬትም የደኅንነት ማሰሪያም አልነበረውም።

ምልክት፦ ሰውየው ሲወጣ ራሱን ሳተ።
በብርድ ውሃ ብዙ የቆየ ሰው ቀጥ ብሎ ሲወጣ የደም ግፊቱ በአንድ ጊዜ ይወርዳል፤ እያወሩ ቆይተው ሲወጡ የሞቱ አሉ። ጊዜ ካላችሁ ሁለተኛ ገመድ ከጉልበቱ በታች አሳልፋችሁ አጋድማችሁ አንሡት። ከወጣ በኋላ አታቁሙት፣ አታሹት፣ አልኮል አትስጡት፤ እርጥቡን ልብስ ቆርጣችሁ አውልቁና ጠቅልሉት። «ደኅና ነኝ» ቢላችሁም የተጠራውን ሄሊኮፕተር አትመልሱ።