ሽቦው የማን ነው? ስለ ኬብልና ሚዲያ ኩባንያዎች ስናወራ ልናስወግዳቸው የሚገቡ ስህተቶች

ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ፣ እትዬ የምላቸው ጎረቤት አሉኝ። የኬብል ቢላቸው ሲመጣ እንዳነብላቸው ይጠሩኛል። ቡናው ይፈላል፣ ወረቀቱ ከስኒዎቹ አጠገብ ይዘረጋል። ባለፈው ጣታቸው አንድ መስመር ላይ ቆመ። «የኔ ልጅ፣ ይሄ ደግሞ የምን ነው?» አሉኝ። የአካባቢ ስፖርት ቻናሎች ክፍያ ነበር። «እኔ እኮ ኳስ አላይም!»

እውነታቸውን ነው፣ አያዩም። ግን ይከፍላሉ። ለምን እንደሚከፍሉ አስረድቼ ሳልጨርስ ቡናው በረካ ደረሰ። እያስረዳሁ ሳለ ግን እኔም ጓደኞቼም ስለዚህ ሥራ ስናወራ የምንደጋግማቸው ስህተቶች ታዩኝ። ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ቻናሉንና አምጪውን አንድ አድርጎ ማየት

ትልቁ ስህተት ይሄ ነው። ሥራው ሁለት ነው። አንዱ የሚታየውን ያዘጋጃል፤ ፊልሙን፣ ዜናውን፣ የኳሱን መብት ይይዛል። ሌላው በሽቦ ወይም በሳተላይት እቤት ድረስ ያመጣል። የስፖርት ቻናሉ ኢኤስፒኤን በዲስኒ እጅ ነው። ዲስኒ ግን ማንም ቤት የሚገባ ሽቦ የለውም። ቻርተር የሚባለው የኬብል ኩባንያ ደግሞ ሽቦ እንጂ ኢኤስፒኤን የለውም። ስለዚህ ቻርተር ቻናሉ በገዛው የቻናሎች ጥቅል ውስጥ ላለው ደንበኛ ሁሉ በየወሩ ለዲስኒ ይከፍላል። ደንበኛው ኳስ አየ አላየ፣ ሂሳቡ ያው ነው።

በ2023 ኦገስት መጨረሻ ሁለቱ በዋጋ ሳይስማሙ ቀሩ። ወደ 15 ሚሊዮን የሚጠጉ የቻርተር ደንበኞች የዲስኒን ቻናሎች በአንድ ምሽት አጡ። የዩኤስ ኦፕን ቴኒስ እየተካሄደ፣ የኮሌጅ ፉትቦልም ገና ሲጀመር ማለት ነው። አስራ አንድ ቀን ያህል ቆይተው ታረቁ። በእነዚያ ቀናት አንዱ ተመልካች ኬብሉን ሲረግም፣ ሌላው ዲስኒን ይረግም ነበር። ገንዘቡ ከማን ወደ ማን እንደሚሄድ የሚያውቅ ጥቂት ነው።

አገር ቤት ላለ አንባቢ ይሄ ግራ ቢገባው አይገርምም። አዲስ አበባ ዲሽ አሰቅሎ ሪሲቨር የገዛ ሰው ነፃዎቹን ቻናሎች ለማየት የወር ክፍያ የለበትም። ዲኤስቲቪ ያስገባ ሰው ግን ቶሎ ይገባዋል።

ኬብል የተፈጠረው ከቴሌቪዥን ጣቢያዎች ጋር ለመፎካከር ነው ማለት

አይደለም፣ ያገለግላቸው ነበር። በ1940ዎቹ መጨረሻ ፔንሲልቫኒያና ኦሪገን ውስጥ ተራራ የከለላቸው ትንንሽ ከተሞች ምስል አይገባላቸውም ነበር። ሰዎች ኮረብታ ላይ ረጅም አንቴና ተክለው ከዚያ ሽቦ ወደ ቤቶች ዘረጉ። ከትልልቆቹ የኬብል ኩባንያዎች አንዱ የሆነው ኮምካስትም የጀመረው እንዲሁ ነው። ቀበቶና የሱሪ ማንጠልጠያ ይሸጥ የነበረው ራልፍ ሮበርትስ በ1963 ቱፔሎ፣ ሚሲሲፒ፣ 1,200 ደንበኛ ያለው የኬብል መስመር በ500,000 ዶላር ገዛ። ነገሩ የተለወጠው በ1975 ነው። የኬብል ቻናሉ ኤችቢኦ የአሊንና የፍሬዚየርን የማኒላ የቦክስ ግጥሚያ በሳተላይት ለኬብል ደንበኞች ሲያሳይ፣ ሽቦው የራሱ የሆነ የሚታይ ነገር አገኘ።

ጥቅሉ ያበጠው ኬብሎቹ ስለሰገበገቡ ብቻ ነው ማለት

ይሄኛው ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም የእትዬን ቢል የሚፈታው እሱ ነው።

እስከ 1990ዎቹ መጀመሪያ ድረስ ኬብሎቹ እንደ ኤቢሲና ኤንቢሲ ያሉትን፣ በአንቴና በነፃ የሚታዩ የአየር ላይ ጣቢያዎች ሲያሳዩ ለጣቢያዎቹ አይከፍሉም ነበር። የ1992ቱ የኬብል ሕግ ለጣቢያዎቹ ምርጫ ሰጣቸው። ወይ ያለ ክፍያ የግድ አሳዩን ይላሉ፣ ወይ ያለ ፈቃዳችን አታሳዩንም ብለው ይደራደራሉ። ትልልቆቹ መደራደሩን መረጡ። ኬብሎቹ ደግሞ፣ በተለይ ቲሲአይ የሚባለውን ግዙፍ የኬብል ኩባንያ ይመራ የነበረው ጆን ማሎን፣ «ጥሬ ገንዘብ አንከፍልም» ብለው ድርቅ አሉ።

ታዲያ በምን ታረቁ? በቦታ። ኬብሎቹ ገንዘብ በመስጠት ፋንታ ለጣቢያዎቹ ባለቤቶች አዳዲስ ቻናሎች ቦታ ሰጡ። ኢኤስፒኤን 2 በ1993፣ ኤፍኤክስ በ1994 የተወለዱት በዚህ ድርድር ነው። ኤንቢሲም በዚያው መንገድ አንድ የውይይት ቻናል አገኘ፤ በ1996 ኤምኤስኤንቢሲ የሆነው እሱ ነው። ማንም ተመልካች «ጨምሩልኝ» አላለም። ቻናሎቹ የገቡት የክርክር ማብረጃ ሆነው ነው። ከዚያ እያንዳንዳቸው የወር ዋጋ አወጡ። ኋላ ደግሞ ጣቢያዎቹ ጥሬ ገንዘቡንም መቀበል ጀመሩ። ዛሬ ቢሉ ላይ «የአየር ላይ ጣቢያዎች ክፍያ» የሚል መስመር ያያችሁ እንደሆነ ሥሩ እዚያ ነው።

ውህደቱን የገፋውም ይሄው ነው። ብዙ ቻናል የያዘ ድርድር ላይ ይከብዳል። «ታዋቂውን ከፈለጋችሁ እነዚህን አምስቱንም ውሰዱ» ማለት ይችላል። ኬብሉ በበኩሉ ብዙ ደንበኛ ሲኖረው ዋጋ ያስቀንሳል። አንዱ ሲገዝፍ ሌላውም ለመግዘፍ ይገደዳል።

በዜና የተጠራውን ዋጋ የስኬት ማረጋገጫ ማድረግ

በጃንዋሪ 2000 ኤኦኤል ታይም ዋርነርን ሊጠቀልል መሆኑ ተነገረ። ኤኦኤል ሰውን በስልክ መስመር ከኢንተርኔት የሚያገናኝ ኩባንያ ነበር። ያ የሚንጫጫው የሞደም ድምፅ ትዝ የሚላችሁ አትጠፉም። ታይም ዋርነር ደግሞ ኤችቢኦ፣ ሲኤንኤን፣ የፊልም ስቱዲዮ፣ መጽሔቶችና ሰፊ የኬብል መስመር ነበረው። ያም ሆኖ ከአዲሱ ኩባንያ 55 በመቶው ለኤኦኤል ባለአክሲዮኖች፣ 45 በመቶው ለታይም ዋርነር ሰዎች ሆነ። ስምምነቱ ወደ 165 ቢሊዮን ዶላር ተገመተ።

ግን ክፍያው በአክሲዮን ነበር። የኤኦኤል አክሲዮን ያን ሰሞን ሰማይ ስለነካ ነው ትንሹ ትልቁን የዋጠው። ውህደቱ በጃንዋሪ 2001 ሲጠናቀቅ የኢንተርኔት ኩባንያዎች ገበያ ተንኮታኩቷል። በ2002 ኩባንያው ወደ 99 ቢሊዮን ዶላር የሚጠጋ ኪሳራ መዘገበ። በ2003 ኤኦኤል የሚለውን ከስሙ አወጣ፣ በ2009 ደግሞ ኤኦኤልን ራሱን ነጥሎ አሰናበተ።

ስለዚህ ትልቅ ቁጥር ስትሰሙ ሁለት ነገር ጠይቁ። በጥሬ ገንዘብ ነው በአክሲዮን? ዕዳን ይጨምራል አይጨምርም? ቻርተር በ2016 ታይም ዋርነር ኬብልን ሲገዛ ይነገር የነበረው 78.7 ቢሊዮን ዶላር ዕዳውን ጨምሮ ነው።

ስሙን አይቶ ባለቤቱን መገመት

በ2014 ኮምካስት ታይም ዋርነር ኬብልን ሊገዛ ነው ሲባል ብዙ ሰው «ኤችቢኦና ሲኤንኤን ሊሸጡ ነው» ብሎ ነበር። እኔም አንዱ ነበርኩ። ታይም ዋርነር ኬብል ግን በ2009 ከታይም ዋርነር ተለይቷል። ስሙን ይዞ ወጣ እንጂ ዝምድናው አብቅቶ ነበር።

የስልክ ኩባንያው ኤቲ ኤንድ ቲም እንዲሁ ነው። አሮጌው ኤቲ ኤንድ ቲ በ1984 ተከፋፍሎ የክልል የስልክ ኩባንያዎች ወጡለት። ከእነዚያ ልጆች አንዱ የነበረው ኤስቢሲ በ2005 እናቱን ገዝቶ በእናቱ ስም ተጠራ። በ1999 ቲሲአይን የገዛውና በ2015 የሳተላይት ቴሌቪዥን አቅራቢውን ዳይሬክቲቪን የገዛው ስማቸው አንድ ነው፣ ኩባንያው ግን ሌላ።

ሽቦና ይዘት ሲጋቡ ሁሌ አንድ ዓይነት ውጤት መጠበቅ

ኤቲ ኤንድ ቲ በ2018 ታይም ዋርነርን ከ85 ቢሊዮን ዶላር በላይ አውጥቶ ገዛ። መንግሥት ቻናሎቹን ተፎካካሪዎች ላይ ማስፈራሪያ ያደርጋቸዋል ብሎ ከሶ ነበር፣ ተሸነፈ። አራት ዓመት ሳይሞላ ኤቲ ኤንድ ቲ ራሱ ተወው። በኤፕሪል 2022 ያ ሁሉ ዲስከቨሪ ከሚባለው የቻናሎች ኩባንያ ጋር ተቀላቅሎ ሄደ። ከ48 ቢሊዮን ዶላር በላይ የገዛው ዳይሬክቲቪም በ2021 ከፊሉ ሲሸጥ የተገመተው ወደ 16 ቢሊዮን ገደማ ነው።

ኮምካስት ግን በ2011 አብላጫውን፣ በ2013 ቀሪውን ድርሻ ገዝቶ ኤንቢሲ ዩኒቨርሳልን እስካሁን ይዞታል። ልዩነቱ የብልሃት ብቻ አይመስለኝም። ኤቲ ኤንድ ቲ ከባድ ዕዳ ተሸክሞ ነበር፣ የ5ጂ ኔትወርኩም ገንዘብ ይፈልግ ነበር። ኮምካስትም ቢሆን በኖቬምበር 2024 አብዛኞቹን የኬብል ቻናሎቹን ነጥሎ ሊያወጣ መሆኑን አሳውቆ ነበር።

ኔትፍሊክስ ኬብሎቹን ገደላቸው ማለት

የቴሌቪዥን ጥቅሉን አቆሰለው፣ እውነት ነው። ኔትፍሊክስ ግን የሚመጣው በማን ሽቦ ነው? በ2015 የኮምካስት የኢንተርኔት ደንበኞች ከቴሌቪዥን ደንበኞቹ በለጡ። በዚያው ዓመት ኮምካስት ታይም ዋርነር ኬብልን የመግዛቱን ሐሳብ ተወ። ሁለቱ በአንድ ሰፈር ደንበኛ አይሻሙም ነበር። ውህደቱን የተቃወሙትን የመንግሥት ተቆጣጣሪዎች በዋናነት ያሳሰባቸው ቴሌቪዥኑ ሳይሆን፣ የአገሪቱ ፈጣን ኢንተርኔት ብዙው በአንድ እጅ መግባቱ ነው።

እትዬ ያን ቀን ወሰኑ። ስልኩን እኔ ደወልኩ፣ እሳቸው በአማርኛ ያዙኛል፣ እኔ በእንግሊዝኛ አደርሳለሁ። ቴሌቪዥኑ ተቋረጠ። አሁን የአማርኛ ድራማቸውንና ስብከታቸውን በዩቲዩብ ያያሉ። በሚቀጥለው ወር ቡናው ሲፈላ ወረቀቱ እንደገና ተዘረጋ። የስፖርቱ መስመር የለም። ኢንተርኔቱ ብቻ አለ፣ ከሌላ አገልግሎት ጋር ስላልተያዘ ዋጋው ጨምሯል። መነጽራቸውን አድርገው የኩባንያውን ስም ፈለጉ። «ያው ናቸዋ!» አሉኝ።