ወደ ታይታን ሮቦት ለመላክ ዕቅዱ ከየት ይጀምራል?

ቅዳሜ ቅዳሜ ከፊዚክስ ክበብ ተማሪዎቼ ጋር የጠፈር ተልዕኮ በወረቀት ላይ እናቅዳለን። ዘንድሮ መድረሻችን የሳተርን ጨረቃ ታይታን ናት። ልጆቹ እርሳስ ሲያነሱ ቶሎ የሚስሉት ሮኬቱን ነው። እሱን አቆዩትና ጥያቄያችሁን በአንድ ዓረፍተ ነገር ጻፉ እላቸዋለሁ። «ታይታንን ማጥናት» ጥያቄ አይደለም። «የታይታን አሸዋ ከምን የተሠራ ነው?» ከተባለ ግን ምን መሣሪያ እንደሚጫን ወዲያው ይታወቃል።

ቀጥሎ ቦታው የሚሰጠውንና የሚነሳውን ጻፉ። ቅዝቃዜው ከዜሮ በታች 179 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ ነው። ሳተርን ዘንድ የሚደርሰው የፀሐይ ብርሃን እኛ ከምናገኘው አንድ መቶኛ ያህል ብቻ ስለሆነ በፀሐይ ኃይል አትመኩ፤ ከፕሉቶኒየም ሙቀት ኤሌክትሪክ የሚያመነጭ መሣሪያ ያዙ። አየሩ ግን ከእኛ አየር አራት እጥፍ ያህል ጥቅጥቅ ያለ ነው፤ ስበቱ ደግሞ የምድርን አንድ ሰባተኛ ነው። ለመብረር እንዴት ይመቻል! ናሳ በ2028 (እ.ኤ.አ.) ወደ ታይታን ለማስወንጨፍ ያቀደው ድራገንፍላይ የተባለው ሮቦት በራሪ የሆነው ለዚህ ነው።

ከሁሉ አብልጬ የምጨነቀው ለሬዲዮው ነው። መልእክት ከሳተርን ምድር ለመድረስ ከአንድ ሰዓት በላይ ይፈጅበታል። ስለዚህ ሮቦቱ ሲያርፍ ማንም አይደርስለትም፤ ሁሉም አስቀድሞ መጻፍና መፈተሽ አለበት። ታይታን ላይ እንዲያርፍ የተሠራው ሁይገንስ የተባለ ሮቦት በ1997 (እ.ኤ.አ.) ከተሸካሚው የጠፈር መንኮራኩር ከካሲኒ ጋር ሲወነጨፍ፣ የሁይገንስን ምልክት የሚቀበለው የካሲኒ ሬዲዮ እንደ እውነተኛው ጉዞ ሆኖ አልተፈተሸም ነበር። ቦሪስ ስሜድስ የተባለ ስዊድናዊ መሐንዲስ ይፈተሽ ብሎ አጥብቆ ተከራከረ። በ2000 የሁይገንስን የሚመስል ምልክት ከምድር ተላከ፤ ካሲኒ የመለሰችው መረጃ የተበላሸ ነበር። ወደ ሁይገንስ በፍጥነት ስትቀርብ፣ አምቡላንስ ሲመጣ ድምፁ እንደሚቀጥን ሁሉ የምልክቱ ምት ይፈጥናል፤ ተቀባዩ ለዚያ አልተሠራም። ሄዶ መጠገን ስለማይቻል መንገዱ ተለወጠ፦ ካሲኒ ርቃ እንድታልፍ ተደረገ፣ ማረፊያውም ከኖቬምበር 2004 ወደ ጃንዋሪ 14፣ 2005 ተዛወረ። ያም ሆኖ ከካሲኒ ሁለት መቀበያዎች አንዱን በትክክል የሚያስነሳው ትእዛዝ ሳይጻፍ ቀርቶ ከሁይገንስ ፎቶዎች ግማሽ ያህሉ ጠፉ።

ስለዚህ እኛ አንዱ ልጅ ትእዛዙን ይጽፋል፣ ሌላው ጮክ ብሎ ያነባል፣ ሦስተኛዋ ዓይኗን ተሸፍና የተነበበውን ብቻ ታደርጋለች። ባለፈው ቅዳሜ «ተናገሪ» የሚል ነበረ፤ «ሬዲዮውን ክፈቺ» ግን አልነበረም። ልጅቷ ዝም ብላ ቆመች። ወረቀቱን ወስደን ከመጀመሪያው መስመር እንደገና ጀመርን።